ከ50 ዓመት በኋላ ወደ ሞዴል መኪና ለሚመለስ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ ኪት፣ ሙጫና ቀለም መምረጥ

በ1964 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ እየጠራ የፕላስቲክ መኪና መገጣጠም ያሳየኝ ነበር። አንድ ፖንቲያክ ጂቲኦ አብረን ጨረስን። ሁለተኛውን፣ ፎርድ ሙስታንጉን፣ ጀምረን ሳንጨርሰው አገሩ ገባ። ሳጥኑን ለእኔ ተወልኝ።

ከዚያ ኑሮ መጣ። ጋራዥ ገባሁ። በደሴ መንገድ የሚመላለሱትን ኤንትሬ የጭነት መኪናዎች ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬ ሄደ። ሳጥኑ ግን ከቤት ቤት ስንዛወር ሁሉ አብሮን ዞረ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ ከፈትኩት። የፕላስቲኩ ሽታ እንኳን አልጠፋም።

ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ይህን ስትሰማ፣ «አባዬ፣ ለፋሲካ ስመጣ ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ከረምኩ። ኪቱ፣ ማለትም ተበታትኖ በሳጥን የሚመጣው የሚገጣጠም መኪና፣ ብዙ፣ ሙጫው ብዙ፣ ቀለሙ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ይህን የምጽፈው እንደኔ ለሚመለስ ሰው ያ ሦስት ሳምንት እንዲያጥርለት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሳጥኑ ላይ ያለው ስዕል አይምረጥላችሁ። የልጅነት ትዝታም አይምረጥላችሁ። ሻንጣ ውስጥ ምን ይገባል? እዚህ ሰፈር ምን ይገኛል? ዓይናችሁ ዛሬ ምን ያህል ያያል? ምርጫው ከእነዚህ ይነሳ።

መኪኖቹ

መስል ካር የሚባለው መካከለኛ መጠን ያለው የአሜሪካ መኪና ውስጥ ትልቅ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ሞተር ሲገባ ነው። ብዙ ሰው መነሻውን እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራል። 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነበረው፤ በእኛ አቆጣጠር 6.4 ሊትር ገደማ። ዝቅተኛው 325 የፈረስ ጉልበት ነበር። ከዚያ ክራይስለር 426 ሄሚ የሚባለውን ሞተር አመጣ። 7 ሊትር፣ በወረቀት ላይ 425 የፈረስ ጉልበት። ዶጅ ቻርጀር፣ ፕሊመዝ ኩዳ፣ ሮድ ራነር የዚህ ሞተር ቤቶች ናቸው። ሼቭሮሌት በሼቬል ኤስኤስ እና በካማሮ መለሰ።

ዘመኑ አጭር ነበር። የጭስ ሕግ መጣ፣ ኢንሹራንስ ተወደደ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ። ያ የነዳጅ ንረት እኛንም አገኘን። በየካቲት 1966 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ስለተወደደ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እነዚያ መኪኖች መሠራት ያቆሙትና የእኛ አብዮት የፈነዳው በአንድ ሰሞን መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ኪቱን መምረጥ

መጀመሪያ ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መኪና ስንት እጅ እንደሚያንስ። የአሜሪካ መኪና ኪት ባብዛኛው ወይ 1/25 ወይ 1/24 ነው። ሁለት የተለያየ ቁጥር መኖሩ ያደናግራል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. የ1968 ቻርጀር እውነተኛው መኪና 5.28 ሜትር ይሆናል። በ1/25 ሲሠራ 21 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/24 ሲሠራ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ። 1/25 የመጣው መኪና ሻጮች ለደንበኛ ከሚሰጡት የማስታወቂያ ሞዴል ነው። ኤኤምቲ የሚባለው ኩባንያ ሥራውን የጀመረው እነዚያን በመሥራት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የሚገጣጠም ኪት መሸጥ ጀመረ። 1/24 ደግሞ አንድ ጫማን በግማሽ ኢንች የመለካት ስሌት ነው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስታቆሟቸው ዓይን ይለየዋል። ስለዚህ ብዙ የመሥራት ሐሳብ ያለው ሰው ከመጀመሪያው አንዱን ይያዝ። እኔ 1/25ን ያዝኩ፤ ጂቲኦዬም ሙስታንጉም 1/25 ነበሩና።

ከስኬሉ ይልቅ የሚያሳስበው የሻጋታው፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ፣ ዕድሜ ነው። ይህን የሚነግረን ሰው የለም፣ ሳጥኑም በግልጽ አይናገርም። አዲስ ሳጥን፣ አዲስ ስዕል፣ ውስጡ ግን የ60 ዓመት ሻጋታ ሊሆን ይችላል።

የኤኤምቲን የድሮ ኪቶች ውሰዱ። ዛሬም በአዲስ ሳጥን ይታተማሉ። ባለ ሦስት ምርጫ ናቸው፤ እንደ ፋብሪካው፣ እንደ ባለቤቱ ምኞት፣ ወይም ለውድድር አድርጎ መሥራት ይቻላል። በልጅነቴ የወደድኩት ይህን ነበር። አሁን ግን እንደ መካኒክ ሳያቸው ልቤ ይቆርጣል። የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ በአንዳንዶቹ ላይ በሞተሩ ብሎክ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ማርሚታውና ቱቦው ከወለሉ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ነው። የክፍሎቹ ጠርዝ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ይወጣል፤ እሱን መላጨት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። የሰውነታቸው ቅርጽ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ከእውነተኛው መኪና ጋር በአንድ ዘመን ነውና የተሠሩት። ለመጀመሪያ መመለሻ ግን አይሆኑም። ሰው ከ50 ዓመት በኋላ ሲቀመጥ ክፍል ከክፍል ካልገጠመ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እጄ ሞቷል ብሎ ይተወዋል። እውነቱ ግን ሻጋታው ስላረጀ ነው።

ሞኖግራም የሚባሉት ደግሞ መካከለኛ ናቸው። ሞኖግራም እ.ኤ.አ. በ1986 ከሌላው ኪት ሠሪ ኩባንያ፣ ከሬቬል፣ ጋር ተዋሐደ። ስለዚህ የሞኖግራም ሻጋታ ዛሬ በሬቬል ሳጥን ይመጣል። መለያው ይህ ነው፦ የአሜሪካ መስል ካር ሆኖ ሳጥኑ ሬቬል፣ ስኬሉ 1/24 ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሞኖግራም ነው። እ.ኤ.አ. የ1970ው ሼቬል እና ቢዩክ ጂኤስኤክስ እንዲህ ናቸው። ክፍላቸው ጥቂት ነው። አገጣጠማቸው ደህና ነው። የሻንሲው ዝርዝር ግን ቀለል ይላል። ኮፈኑን ዘግቶ መደርደሪያ ላይ ለሚያኖር ሰው ጥሩ ምርጫ ነው።

የእኔ ምርጫ ሬቬል በቅርብ ዘመን የቀረጻቸው 1/25ዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1968 ቻርጀር አርቲ እና የ1970 ሄሚ ኩዳ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሞተሩ ብዙ ክፍል አለው። ማርሚታው ለብቻው ነው። የኋላ ባሌስትራው ባሌስትራ ይመስላል። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ስታጋጥሙ «ጠቅ» ሊል ምንም አይቀረው። ከባድነታቸው የክፍሎቹ ትንሽነት ነው። ወደ ዓይን ጉዳይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ታሚያን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። የጃፓኑ ታሚያ በአገጣጠም የሚስተካከለው የለም ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን የሚሠራው ባብዛኛው የጃፓንና የአውሮፓ ስፖርት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን መስል ካር ፍለጋ ታሚያ ጋ መሄድ አያዋጣም። ብዙዎቹ የመኪና ኪቶቹም ሞተር የላቸውም። ሞተር የሌለው መስል ካር ለእኔ አይገባኝም።

ሙጫ ጨርሶ ለማይፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ተጭኖ የሚገጥመው ዓይነት ነው፤ ሬቬል ስናፕታይት ብሎ ይሸጠዋል። ከልጅ ልጅ ጋር አብሮ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ የለም፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ሌላው ማይስቶ የሚሸጠው ቀለም የተቀባ የብረት መኪና ነው፤ በካቻቢቴ ብቻ ይታሰራል። ያምራል፣ ይከብዳል፣ ሥራው ግን ትንሽ ነው። ናፍቆታችሁ መኪናውን ማየት ከሆነ ይበቃችኋል። ናፍቆታችሁ መሥራቱ ከሆነ በሳምንቱ ይሰለቻችኋል።

ዋጋውን ብዙ አላነጻጽርም። አሜሪካ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ኪት ባብዛኛው ከ25 እስከ 40 ዶላር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ስኬልሜትስ በሚባለው የኢንተርኔት ማውጫ ላይ የኪቱን ስም አስፈልጉ። ሻጋታው መቼ እንደተቀረጸ፣ ስንት ጊዜ ሳጥን እንደቀየረ ያሳያል። ልጄ ቻርጀሩን የገዛችው ያንን አይተን ነው።

ሙጫው

እዚህ ላይ አየር መንገድ ይገባበታል። የፕላስቲክ ሙጫ፣ የስፕሬይ ቀለም፣ ቲነር፣ እነዚህ ሁሉ ተቀጣጣይ ናቸው። በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም። ልጄ ሳታውቅ ይዛ መጥታ ፍተሻ ላይ አውጥተው አስቀሩባት። ትክክል ናቸው። ዘመዳችሁን አታስቸግሩ፤ የማይቀጣጠለውን ብቻ እዘዙ።

ታዲያ በምን እናጣብቅ? የፕላስቲክ ሙጫ የሚባለው በመሠረቱ ማጣበቂያ አይደለም። ሁለቱን የፕላስቲክ ጠርዞች ያቀልጣቸዋል፣ ሲደርቅ አንድ ይሆናሉ። ብየዳ ነው ማለት ይቻላል። ሱፐር ግሉ ግን ያያይዛል እንጂ አይበይድም። ሱፐር ግሉ በየሱቁ አለ፣ ፈጣን ነው። ችግሩ አንዴ ከያዘ ማስተካከያ ጊዜ አይሰጥም፣ በጎን ሲመታም ይላቀቃል። ለትንንሽ ክፍልና ለብረት ይሁን። ለሰውነትና ለሻንሲ አይሁን። ለመስታወት ደግሞ በጭራሽ፤ ጭሱ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል። ለመስታወት አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ የእንጨት ኮላ ይሻላል። ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ከተበላሸም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

ዋናውን ብየዳ እኔ የምሠራው በመኪና ቀለም ቲነር ነው። ኪቱ የሚሠራው ከፖሊስታይሪን ነው፣ ቲነሩም ፖሊስታይሪንን ያቀልጣል። ሁለቱን ክፍሎች በእጅ ገጥማችሁ ያዙ። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ መጋጠሚያው ላይ አስነኩ። ራሱ ሰርጎ ይገባል። ቲነር ሁሉ አንድ አይደለምና ክፍሎቹ ተንጠልጥለውበት በመጡት ትርፍ ፍሬም ላይ ቀድማችሁ ሞክሩ። ፍሬሙን አትጣሉት። ቆራርጣችሁ በትንሽ ቲነር ጠርሙስ ውስጥ ብታሟሙት ክፍተት የሚሞላ ስቱኮ ይወጣዋል። ከዋናው ፕላስቲክ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲላግ አይለይም።

ማስቲሽ ይቅር። ለጫማ ነው። ወፍራም ነው፣ ክር ያወጣል፣ ሽታውም ጤና አይሰጥም።

አሁን የምለውን እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ደብረ ብርሃን ብርድ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ በሩንና መስኮቱን ዘግተን ከሰል እናያይዛለን። ቲነር በተከፈተበት ክፍል ውስጥ ከሰል መኖር የለበትም። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ያገኛል። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ እሳት በዓይኔ አይቻለሁ። ሙጫ የሚነካ ሥራ ቀን ላይ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ማታ ደግሞ መላጨት፣ መለካት፣ ያለ ሙጫ ገጥሞ መሞከር ይቻላል። ብርድ ልብስ ደርቡ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ከተማ ውስጥ እያለን በብርድ ምክንያት መስኮት አንዘጋም።

ቀለሙ፣ ትልቁ ጉዳይ

ሞዴል የሚያምረውም የሚበላሸውም ቀለም ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ይደበቃል። ቀለም አይደበቅም።

መጀመሪያ ዓይነቱን እንለይ። ድሮ መምህሬ የነበረው ኤናሜል ነው፤ የዘይት ቀለም። በብሩሽ ሲቀባ ራሱን ያስተካክላል፣ ያብረቀርቃል። ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈልጋል፣ በብርድ አገር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ሁለተኛው ላኬር ነው፤ ከመኪና ቀለም ጋር የሚቀራረበው። ቶሎ ይደርቃል፣ ጠንካራ ነው፣ ያለ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት ከሥር የሚረጨው መነሻ፣ ከተረጨ ግን ፕላስቲኩን ይበላዋል። ሦስተኛው በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ነው፤ የስፔኑ ቫዬሆ ይታወቅበታል። አይሸትም። አይቀጣጠልም። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው እሱ ብቻ ነው። ታሚያ የሚሸጠውም አክሪሊክ ይባላል፣ ግን አልኮል አለበት፤ ስለዚህ ከዚህኛው ጋር አታምታቱት።

ለሞተር፣ ለወንበር፣ ለሻንሲ፣ ለቸርኬ ያለ ጥያቄ በውሃ የሚሟሟውን አክሪሊክ ውሰዱ። በብሩሽ፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። የደብረ ብርሃን አየር በበጋ ደረቅ ስለሆነ ጥሩ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ውርጭ ሌሊት ጠርሙሱን በረንዳ ላይ አታሳድሩት። አክሪሊክ አንዴ ከበረደና ከረጋ ተቆራርጦ ይቀራል፣ አይመለስም።

ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ነው የሚኖረው። እዚያ ተቃራኒው ነው። ሙቀቱ ቀለሙን ብሩሹ ላይ እያለ ያደርቀዋል፣ መስመር ያወጣል። እዚያ ያለ ሰው መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብ ያድርግበት፣ ወይም በማለዳ ይቀባ። ከጣርማ በር በላይና በታች ሁለታችንም ሰሜን ሸዋ ብንሆንም ለቀለም ግን ሁለት አገር ነን።

የሰውነቱ ቀለም ሌላ ነገር ነው። ያ አንጸባራቂ ቆዳ ከሌለ ቻርጀሩ ቻርጀር አይመስልም። አራት መንገድ አለ።

ብሩሽ አንዱ ነው። ለሰውነት አልመክርም። በአክሪሊክ የብሩሹ ዱካ ይቀራል፣ ሜታሊክ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ኤናሜል ያለው ሰው፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ሊያሳካው ይችላል።

ሁለተኛው ከመኪና ጌጣጌጥ ሱቅ የሚገዛ የስፕሬይ ጣሳ ነው። ርካሽ ነው፣ እዚሁ ይገኛል። ለመጀመሪያ ሥራ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ግን በደንብ። መጀመሪያ ፕራይመር፣ እንደ ጉም ስስ አድርጎ። አሥር ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ስስ። ከዚያ ቀለሙ፣ እንደዚያው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአንድ ጊዜ ለማልበስ ሲሞክር ነው። እርጥብ አድርጎ ከረጨው ላኬሩ ፕራይመሩን አልፎ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። ጣሳውን ከመርጨት በፊት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቁሙት። እሳት ግን አታስጠጉት። እኔ የምረጨው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ውርጩ ለቋል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ የከሰዓቱ ንፋስ ገና አልተነሳም። ከረጨሁ በኋላ ወዲያው ንጹሕ ካርቶን እደፋበታለሁ፣ አቧራ እንዳይቀመጥበት። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ አልረጭም። እርጥበቱ ላኬሩን እንደ ወተት ያነጣዋል።

ሦስተኛው የባትላሜራ ወዳጅ ላለው ነው። የጋራዥ ቀለም ቀቢ፣ ኮምፕሬሰርና ፒስቶላ ይዞ፣ በአምስት ደቂቃ ያልቅለታል። ቀለሙም እውነተኛ የመኪና ቀለም ነው። አንድ ወዳጄ የእሱን ኩዳ እንዲህ አስቀባ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀረብ ሲሉ ግን የበሩ መስመር ተደፍኗል። የመኪና ፒስቶላ ለትልቅ ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ 21 ሴንቲ ሜትር ላለው መኪና ቀለሙ ይበዛበታል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ከሆነ ደግሞ ያለ ትክክለኛ ጭንብል አጠገቡ አትቁሙ። የሳንባ ጠላት ነው።

አራተኛው ኤርብራሽ ነው። የእርሳስ ያህል ቀጭን መርጫ፣ ከትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር። መሣሪያው ተቀጣጣይ ስላልሆነ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ይረጫል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሽታው አያስቸግርም። ውፍረቱን ራሳችሁ ትቆጣጠራላችሁ። ጉድለቱ መማር ይፈልጋል፣ ከእያንዳንዱ ቀለም በኋላ መታጠብ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይቆማል። ከሦስት መኪና በላይ ለመሥራት ያሰበ ሰው ይግዛው። አንድ ብቻ ለሚሠራ አያስፈልግም። እኔ ቻርጀሩን በጣሳ ከጨረስኩ በኋላ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ስለ ቀለም ምርጫም አንድ ቃል። ፕላስቲኩ ቀይ ሆኖ ከመጣና ነጭ ወይም ቢጫ ከቀባችሁት፣ ቀዩ ሰርጎ ይወጣል። ሮዝ ይሆንባችኋል። ከሥር ብርማ ቀለም አልብሱት፣ ያቆመዋል። ጥቁር ደግሞ እያንዳንዱን አቧራና ጭረት ያሳያል፤ ለመጀመሪያው አይሁን። ክራይስለር በዚያ ዘመን ያወጣቸው ደማቅ ቀለሞች፣ ብርቱካኑና ሐምራዊው፣ ለጀማሪ ይቅር ባይ ናቸው። ቻርጀሬ ብርቱካን ነው።

ደርቋል አልደረቀም ለማወቅ አሽትቱት። ከሸተተ አልደረቀም። በጣት አትንኩ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ ከፈረንጅ የተሻልንበት አንድ ነገር አለ። ጋራዥ በሞላበት ከተማ በውሃ የሚታሽ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር፣ በርካሽ ዋጋ ይገኛል። የመኪና መወልወያ ኮምፓውንድም አለ። ቀለሙ ብርቱካን ልጣጭ ከመሰለ በ2000 አሽታችሁ በኮምፓውንድ ወልውሉት። ጠርዞቹ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ቀለሙ እዚያ ስስ ነው።

ኒኬል፣ ምንጣፍና ዓይን

የኪቱ ፓራውልትና ቸርኬ ኒኬል የተነከረ መስሎ ይመጣል። ጥሩ ከሆነ ተዉት። መጋጠሚያ መስመር ከታየበት በበረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ኒኬሉ ይለቃል። ከዚያ ላግታችሁ በኒኬል ቀለም ብዕር ትቀቡታላችሁ። ለመስኮት ዙሪያ ጌጥ ግን ቤር ሜታል ፎይል የሚባለው ስስ ተለጣፊ ብረት ከብዕሩ ይሻላል። እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በፖስታም ይመጣል።

ለወለል ምንጣፍ ከውጭ ዱቄት መሰል ጨርቅ ይሸጣል። አትግዙ። የመንዝ ዝተት ላይ የተረፈ የበግ ጸጉር በመቀስ እንደ ዱቄት ክትፍ አድርጋችሁ በኮላ ላይ ነስንሱት። ቡናማው ጸጉር ለቻርጀሩ ወለል ልክ ሆኖልኛል። የካንዴላ ገመድ ደግሞ ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ ይወጣል። ስምንት ሲሊንደር፣ ስምንት ገመድ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ዋልኩበት፣ ከቀኖቼ ሁሉ ያማረው እሱ ነበር።

ዓይንን በተመለከተ፣ ከ45 በኋላ የቅርብ እይታ ለሁላችንም ይደክማል። መነጽር ብቻ አይበቃም። በራስ ላይ የሚታሰር ማጉያ ከኪቱ ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ ከኤርብራሹ በፊት እሱ ይቅደም። ያለ ማጉያ የ1/25 ካርቡራተር አይታሰብም። ማጉያም ካልረዳ 1/16 ወይም 1/12 ስኬል አለ። ምርጫው ጥቂት፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ ቦታውም ሰፊ ነው፤ ግን ለደከመ ዓይን መፍትሔ ነው።

የድሮውን መጨረስ ወይስ አዲስ መጀመር?

ሙስታንጉን ሳየው ልቤ ወዲያው እሱን ልጨርስ አለኝ። ደግነቱ አልጀመርኩም። የድሮ ኪት የሚጠብቀው ችግር ሌላ ነው። ለስላሳው ጎማ ለዓመታት ፕላስቲክ ከነካ ያቀልጠዋል። የሙስታንጌ አንድ ጎማ የፊት መስታወቱ ላይ ተቀምጦ ቆይቶ ክብ ምልክት ትቶበታል። በውሃ የሚለጠፉት ዲካሎች፣ ምልክትና ጽሑፍ ያለባቸው ተለጣፊዎች፣ ቢጫ ሆነዋል። መምህሬና እኔ የቀባነው ኤናሜል ወፍራም ነው፣ የእኔ ጣት አሻራ እስከ ዛሬ አለበት።

ሁሉም መላ አለው። ዲካሉን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ቢጫው ቀስ በቀስ እየለቀቀ ነው። የደጋ ፀሐይ ለዚህ ጉልበተኛ ናት። ኤናሜሉ በፍሬን ዘይት ይለቃል፤ ዶት 3 ይሁን፣ ጓንት ይደረግ፣ በኋላ በሳሙና በደንብ ይታጠብ። መስታወቱን በ2000 ብርጭቆ ወረቀት እሞክረዋለሁ። ምልክቱ ጥልቅ ከሆነ ከግልጽ ማሸጊያ ፕላስቲክ አዲስ እቆርጥለታለሁ።

ግን እነዚህን ሁሉ ከመንካቴ በፊት አዲሱን ቻርጀር እጨርሳለሁ። እጅ በማይተካ ነገር ላይ አይለማመድም። ቻርጀሩ ቢበላሽ ልጄ ሌላ ታመጣለች። ሙስታንጉን የሚያመጣልኝ የለም። ኮፈኑን ለብቻው፣ የጣት አሻራው ባለበት በኩል፣ ቀለሙን ሳላስለቅቅ ለመተው ወስኛለሁ። የቀረውን ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲወጣ እጀምረዋለሁ።